ጠረጴዛ ላይ ልክ የነበረው ፊት ግድግዳ ላይ ለምን ግንባሩ ረዘመ?

ጥያቄ፦ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ በኤ3 ወረቀት የሰው ፊት ስስል ልኩ ትክክል ይመስለኛል። ግድግዳ ላይ ስለጥፈው ግን ግንባሩ ረዝሞ አገጩ አንሶ አገኘዋለሁ። ቤት ስስል ደግሞ ቋሚ መስመሮቼ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ችግሩ ከዓይኔ ነው ከእጄ?

መልስ፦ ከሁለቱም አይደለም፤ ከአቀማመጥዎ ነው። ወረቀቱ ተኝቶ ሲያዩት የላይኛው ክፍል ከዓይንዎ ስለሚርቅ አጥሮ ይታያል። ዓይንዎ ከጠረጴዛው 40 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ በቁመቱ የተዘረጋው ወረቀት የቅርቡ ጠርዝ 10 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ቢሆን፣ የታችኛው ግማሽ ለዓይንዎ 24 ዲግሪ ያህል ሲይዝ የላይኛው 15 ብቻ ይይዛል። በማስመሪያ ሲለኩ ግን ሁለቱም 21 ሳንቲሜትር ናቸው። እጅ ዓይንን ይታዘዛልና ያጠረውን ለማካካስ ግንባሩን ያስረዝማል።

50 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ላይ ወረቀቱን ይለጥፉና የኋላውን ጠርዝ በመጻሕፍት ከ25 እስከ 35 ሳንቲሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይሆናል። ልኩን ለማወቅ እርሳስ ወረቀቱ መሃል ላይ ከወረቀቱ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ አድርገው ያቁሙና አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጫፉ ብቻ ከታየ ደርሷል፤ ወደ እርስዎ ያለው ጎኑ ከታየ ጣውላው ገና ተኝቷል። ከልክ በላይ ካቆሙት ደግሞ ትከሻ ይደክማል።

ወደ መስመሮቹ ስንመጣ፣ ጀርመናዊው ሄርማን አውበርት በ1861 ጨለማ ውስጥ ጭንቅላት ሲያጋድል ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር ወደ ተቃራኒው ጎን ያዘነበለ መስሎ እንደሚታይ ጽፏል። በበራ ክፍል ግድግዳውና በሩ ስለሚያግዙ ስህተቱ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ በአንድ ክርን መደገፍዎን ቢተዉ ጥሩ ነው፤ ዋናው ተጠርጣሪ ግን እንደ ጽሕፈት አጋድመው የሚያስቀምጡት ወረቀት ነው። እጅዎ ቀጥ ያለውን የሚወስነው ከሰውነትዎ አንጻር እንጂ ከወረቀቱ ጠርዝ አይደለም። የጣውላው ጠርዝ ከደረትዎ ጋር ትይዩ ይሁን። ከቤት ውጭ ሲስሉ ክር ላይ ዳዶ አስረው እንደ ግንበኛ ቱንቢ ከሕንፃው ፊት ያንጠልጥሉ፤ የትኛው ማዕዘን ቀጥ እንዳለ ያኔ ይታያል።

በየ15 ደቂቃው ጣውላውን ግድግዳ አስደግፈው ከ2 ሜትር ይዩት። ለተጠናቀቁት ሥዕሎች ግን መላ የለንም፤ ግንባሩን አጥፍቶ እንደገና መሳል ነው።