ሐረጎን ሲወጣ የሚሞቅ ቪትዝ፦ ቴርሞስታቱን አታውጣው

ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር። ጥያቄህ፦ «1.0 ቪትዝ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ቀዩ የሙቀት መብራት ይበራል፤ በየሁለት ቀኑ ውሃ እጨምራለሁ፤ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው ተብያለሁ፤ ላውጣው?» የሚል ነው። አታውጣው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ ነው። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን እይ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ተራ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከ93 በላይ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሳ ውሃው ፈልቶ ወደ ፕላስቲኩ መጠባበቂያ ይሄዳል፣ ከዚያም መሬት ይፈስሳል። «ውሃ ይበላል» የሚባለው ብዙው ይኸው ነው። 1.1 የሚል የተጻፈበት (ቁጥሩ የሚይዘው ግፊት ነው) ደህና ክዳን ግን ያንኑ ውሃ እስከ 115 ዲግሪ ሳይፈላ ያቆየዋል። የክዳኑ ጎማ ከጠነከረ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ቀይረው፤ ከማቀዝቀዣው ዕቃዎች ርካሽ ከሆኑት አንዱ እሱ ነው። በፊት 0.9 ከነበረ ግን 1.1 አትግጠም፤ ያረጀ የራዲያተር ፕላስቲክ አይችለውም።

ክዳኑ ደህና ሆኖም ውሃ ከጎደለ የሚፈስበትን ፈልግ። የውሃ ፖምፓው ሥር የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ቅርፊት ካለ ፖምፓው እያለቀ ነው። የራዲያተሩ ፕላስቲክና አሉሚኒየም የሚገናኙበትንም እይ፤ እዚያ ላይ ማጣበቂያ ቢለጠፍ ዳገት አይወጣም። ከፊት የእግር ምንጣፉ ከረጠበ ችግሩ የሂተሩ ራዲያተር ነው። የትም ካልታየ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚከደነው ቴስታታ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተጠርጣሪ ነው፦ ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳ፤ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ላይኛው ቱቦ በአንድ ሁለት ደቂቃ ድንጋይ ከሆነ፣ ቴስታታው መውረድና ቶርኖ ቤት ሄዶ መስተካከሉ አይቀርም። የዘይት ክዳን ሥር ትንሽ ወተት የመሰለ ነገር ብታይ በዚያ ብቻ አትደንግጥ፤ በደሴ ብርድ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ እርጥበት ብቻም ያመጣዋል። መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት ከመሰለ ግን ሞተሩን አታስነሳ።

ቴርሞስታቱ ላይ ልመለስ። ካወጣኸው ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱም ይበላሻል። ዳገቱ ላይ ያለው ሙቀት ግን ምክንያቱ ክዳን ወይም የተደፈነ ራዲያተር ከሆነ እንዳለ ይቀጥላል። ከተጠራጠርክ አውጥተህ ድስት ውስጥ ውሃ እያሞቅህ ሞክረው። 82 የተጻፈበት በ82 መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ሲደርስ ነው። ደሴ ላይ የድስቱ ውሃ 92ን ስለማያልፍ እስከ መጨረሻው ባይከፈት አትጣለው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ከከፈተ ይሠራል።

የቧንቧ ውሃ መጨመሩንም ተው። ውስጡ ኖራ እየጋገረ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላል። አሮጌውን አፍስሰህ፣ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ አጥበህ፣ ግማሽ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ የተጣራ ውሃ ሙላ፤ ተበርዞ የሚሸጠውን ግን ምንም አትቀላቅልበት። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገህ፣ ቬንትሌተሩ ሁለቴ ተነስቶ እስኪቆም ሞተሩን አሠራ፤ አየሩ ሲወጣ ውሃው ይወርዳል፣ እየጨመርክ ሂድ። አየር የቀረበት ሞተር ኩላንት ተቀይሮለትም ይሞቃል፤ ብዙ ጋራዥ የሚዘልለው ይህንን ነው።

የራዲያተሩን ፊት በጭቃና በትንኝ ተሸፍኖ ካየኸው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ እጠበው፤ ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል። ቬንትሌተሩን ለመሞከር ኤሲ አብራ፤ መነሳት አለበት። ኤሲው ጋዝ ከሌለው ይህ ሙከራ አያስተማምንም፤ ቆመህ እስኪሞቅ ጠብቅ። ካልተነሳ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ከዚያ የቬንትሌተሩን ሞተር እይ።

ይህ ቪትዝ የሙቀት መለኪያ ቀስት የለውም፤ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው፣ ቀዩ ሲበራ ደግሞ ጊዜው ረፍዷል። ኢኤልኤም 327 የምትባለውን ትንሽ ማንበቢያ ገዝተህ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ሰካና የሙቀቱን ቁጥር በስልክህ ተከታተል። በዚህ ከፍታ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቅህ አትውጣ፣ ማርሽ ቀንስ። 105 ሲል ኤሲ አጥፋ፣ ሂተሩን ሙሉ ክፈት፣ መስኮት ዝቅ አድርግ። ቀዩ ከበራ ዳር ይዘህ አጥፋ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክዳኑን አትንካ፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ፣ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ይህን ሁሉ አድርገህ ሐረጎ ላይ ቁጥሩ አሁንም ከ105 ካለፈ ራዲያተሩ ከውስጥ ሳይደፈን አይቀርም፤ አሳጥበው ሳይሆን ቀይረው።