ወንድማችን ተቃጥሎ አመዱ ሊመጣልን ነው፤ እንዴት እንቅበረው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። ታላቅ ወንድማችን ለብዙ ዓመት በኖረበት በአውሮፓ ከሁለት ሳምንት በፊት ዐረፈ። የዚያ አገር ሰው የሆነችው ባለቤቱ በአገሯ ልማድ አስከሬኑን አስቃጥላለች፤ አመዱን ለእኛ ልትልክ ነው። እናታችን መሞቱን ገና አልሰማችም። ከዘመድ አንዳንዱ «የተቃጠለ ፍትሐት የለውም» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ አዌቱ ወንዝ ላይ ወይም አባታችን ቡና ማሳ ውስጥ እንበትነው ይላል። ትንሣኤውስ እንዴት ይሆናል? አርባውስ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የወንድማችሁን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልን።

ቤተሰባችሁን ግራ ያጋባው «አመድ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። አመድ ሲባል በየዓይናችን የሚመጣው ከምድጃ ተጠርጎ የሚደፋው ነው። ወደ እናንተ የሚመጣው ግን እንደዚያ አይደለም። በማቃጠያው ውስጥ ሙቀቱ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ይደርሳል። ሥጋውም ሣጥኑም ከሁለት ሰዓት ባልራቀ ጊዜ ተቃጥሎ ያልቃል፤ የሚቀረው አጥንት ብቻ ነው። አጥንቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በማሽን ይፈጫል። የአንድ ጎልማሳ ሰው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ መልኩ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ሲነካ እንደ ሻካራ አሸዋ ነው። ስለዚህ የሚመጣላችሁ የወንድማችሁ ዐፅም ነው። ከዚህ በኋላ የምመክራችሁ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ ዐፅም አይበተንም፣ አይደፋም፣ ዐፅም ይቀበራል።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን የመሰለ ነገር አለው። ፍልስጥኤማውያን የሳኦልንና የልጆቹን ሬሳ በቤትሳን ቅጥር ላይ በሰቀሉ ጊዜ የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው አወረዱአቸው፤ በኢያቢስ አቃጠሏቸው፤ ከዚያ አጥንታቸውን ለቅመው ከዛፍ በታች ቀበሩ፣ ሰባት ቀንም ጾሙ (1ኛ ሳሙ. 31፥12-13)። ዳዊት ይህን ሲሰማ «ለጌታችሁ ቸርነት አድርጋችኋልና የተባረካችሁ ሁኑ» አላቸው። ኋላም ራሱ ያንኑ አጥንት አስመጥቶ በሳኦል አባት በቂስ መቃብር አስቀበረው (2ኛ ሳሙ. 21፥12-14)። እሳት ያገኘው አጥንት ከሩቅ አገር መጥቶ በአባት መቃብር ሲያርፍ እናያለን። የእናንተም ጉዳይ ይኸው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን ማቃጠልን አትቀበልም፤ ይህን ማለዘብ አልፈልግም። ያ ሥጋ በጥምቀት ዕለት በ36 ሕዋሳቱ ቅብዐ ሜሮን የተቀባ፣ ሥጋ ወደሙ የተቀበለ፣ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ የሆነ ነው። ጌታችንን ዮሴፍና ኒቆዲሞስ በበፍታ ገንዘው ቀበሩት እንጂ ሌላ አላደረጉም። እኛም ሙታናችንን እንደ ዘር ለምድር አደራ እንሰጣለን። አንድ ክርስቲያን ትንሣኤን ክዶ «አቃጥሉኝ» ብሎ ቢናዘዝ ከባድ ጥያቄ ይነሣበታል። ወንድማችሁ ግን ይህን አልመረጠም። በሌላው ፈቃድ ለተደረገበት ነገር እርሱን ተጠያቂ የሚያደርግ ሥርዓት የለንም።

ስለ ትንሣኤው አትጨነቁ። ጥር 18 ቀን የምናከብረው «ዝርወተ ዐፅሙ ለቅዱስ ጊዮርጊስ» የምን በዓል እንደሆነ አስታውሱ። ንጉሡ ዱድያኖስ ሰማዕቱን በእሳት አቃጥሎ፣ አስፈጭቶ፣ ደብረ ይድራስ በሚባል ተራራ ላይ በነፋስ አስበተነው፤ እግዚአብሔርም አስነሣው። የተበተነን የሰበሰበ አምላክ በሣጥን ያለውን አያጣውም። ባሕር የዋጣቸውን እንኳ በመጨረሻው ቀን ባሕር ትመልሳቸዋለች (ራእ. 20፥13)።

«የተቃጠለ ፍትሐት የለውም» የሚለው ስሕተት ነው። ጸሎተ ፍትሐት ለነፍስ የሚቀርብ ምሕረት ልመና ነው፤ የሬሳው መሙላትና መጉደል አይወስነውም። መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ ብዙ ቤተሰብ የሚቀብረው አካል አላገኘም። ከሳምንት በኋላ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል 17 ሣጥኖች ባዶአቸውን ተደርድረው ጸሎት ተደርጓል። እናንተ ከዚያ የተሻለ በእጃችሁ አለ።

ይሁንና ነገሩን ሳትደብቁ አሁኑኑ ለደብራችሁ አስተዳዳሪ ንገሩ። የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ ከከበዳቸውም ለጅማ ሀገረ ስብከት ጽፈው ይጠይቃሉ፤ ያም ቀናት ይፈልጋል። ስትሄዱ ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛው ወንድማችሁ በውጭ ይገለገልበት ከነበረው ቤተ ክርስቲያን ወይም ከንስሐ አባቱ ምእመን መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የክርስትና ስሙ። በፓስፖርቱ ያለው ስም ለፍትሐት አይሆንም፤ በሥርዓቱ የሚጠራው ወልደ እገሌ፣ ገብረ እገሌ ተብሎ የተሰየመው ነው። ስሙን ከእናታችሁ በቀር የሚያውቅ ላይኖር ይችላል፤ መርዶው ካልተነገራት ደግሞ መጠየቅ አትችሉም። በቤቱም የሰበካ ጉባኤ አባልነት በማን ስም እንደሆነና ክፍያው መከፈሉን ተመልከቱ፤ የመቃብር ቦታ ሲጠየቅ በመጨረሻው ሰዓት የሚያጋጭ ይህ ነው። የእድራችሁንም ጸሐፊ አነጋግሩ።

መርዶውን ሣጥኑ ጅማ ከመግባቱ በፊት ጨርሱ። እንደ ልማዳችን ጎህ ሲቀድ፣ የንስሐ አባቷና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት ይነገራት። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አስቀድማ ትውሰድ። በዚያች ጠዋት ስለ መቃጠሉ ሁሉን ነገር አትጫኑባት፤ ነገር ግን ዕቃው ቤት ሳይገባ ከንስሐ አባቷ አንደበት እውነቱን ትስማ። «ሙሉ ሣጥን አሠርተን ውስጡን እንሙላውና አይታወቅ» የሚል ምክር ከቀረበላችሁ እንቢ በሉ። የተሸከመው ጎረምሳ ክብደቱ ይነግረዋል፤ ከቀብሩ ሳይመለስ ወሬው መርካቶ ይደርሳል፤ እናት ደግሞ ሁለተኛ መርዶ ትረዳለች። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ይጠይቃሉ፤ በእነርሱም ዘንድ ማቃጠል የለምና። «ባለቤቱ በአገሯ ልማድ አደረገችው፤ እኛ ግን እንቀብረዋለን» ካላችኋቸው ይበቃል።

ለጉዞው ባለቤቱ የሞት ምስክር ወረቀትና የማቃጠያው ተቋም የሰጠውን ማስረጃ ይዛ በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ታረጋግጥ። ዕቃው ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ይሁን። ብረት ከሆነ በኤርፖርት የመፈተሻውን ጨረር አያሳልፍም፤ ውስጡ ካልታየ ደግሞ አያሳልፉትም። ሰው ይዞ የሚመጣ ከሆነ ወደ ጭነት አይሰጥ፣ በእጅ ይያዝ። ከቦሌ ወደ አባ ጅፋር ኤርፖርት በአውሮፕላን ቢሆን ይቀላል። በወልቂጤና በግቤ በኩል በመኪና ከመጣችሁ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዕቃው በሰው ጭን ላይ ይሁን እንጂ ከሻንጣ ጋር አይታሰር።

ቤት ሲደርስ ውጫዊውን ዕቃ ክፈቱ። ብዙውን ጊዜ ውስጡ የታሰረ ወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት አለ፤ በብዙ አገር በእርሱ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ክብ ብረት ይገኛል። አትደንግጡ፤ ቁጥሩን ከማስረጃው ወረቀት ጋር አመሳክሩና እዚያው ተዉት። የዚያ ሰው መሆኑን የሚነግራችሁ እርሱ ነው። ከረጢቱን ግን አትፍቱ፤ ደቃቁ ብናኝ በትንሽ ነፋስ ይነሣል፣ በለቅሶ መካከል ሰው ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን አስቡት። «እንገንዘው፣ እንጠበው» የሚልም ይኖራል፤ እርጥበት ካገኘው ይጋገራል። ጠበል መርጨት ከፈለጉ ካህኑ ከላይ በጨርቁ ላይ ይርጩ። ከረጢቱን እንዳለ በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልሉት፤ አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ ይበቃል።

ሣጥኑን የጅማ አናጺ ከዋንዛ ይሥራላችሁ፦ በውስጥ ርዝመቱ 30፣ ወርዱና ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከነጨርቁ ይይዛል። ክዳኑ ላይ መስቀል ይቀረጽበት። ከውጭ የመጣው ዕቃ ምንም ቢያምር መቃብር አያስፈልገውም። ያን ሌሊት ሣጥኑን ነጭ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት፤ ከወለል ላይ አይቀመጥ። ዳዊት የሚደግም ዲያቆን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጥሩና ይደገምለት።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ እንደማንኛውም ምእመን በሰባቱ ምዕራፍ እያረፈ ይሂድ፤ ቀሎ ስለተገኘ በአንድ ሰው ብብት ተሸጉጦ አይሩጥ። ሁለት ሰው በነጠላ ዘርግቶ ይያዘው። ቀኑን ለመምረጥ ዕድል አላችሁ፤ ሬሳ ቢሆን ኖሮ ጊዜ አይሰጣችሁም ነበር። በሰሙነ ሕማማት ግን ፍትሐት ስለማይደረግ ከዚያ አርቁት። ከሐምሌና ከነሐሴ ጋር ከተገጣጠመም ቀብሩ በጠዋት ይሁን፤ የጅማን የከሰዓት ዝናብ ታውቁታላችሁ።

መቃብሩ በአባታችሁ መቃብር ጎን ወይም ግርጌ ቢሆን የሚመረጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲፈቅድ። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር አይነስ፤ ከዚያ ካነሰ ጎርፍ ይገልጠዋል፣ አውሬም ይቆፍረዋል። ጉድጓዱ ከአንድ ቀን በፊት ከተቆፈረ በቆርቆሮ ይሸፈን፤ ጠዋት ውኃ ቋጥሮ እንዳይገኝ። አፈሩ ሲመለስ በየስንዝሩ ይረገጥ። ሲሚንቶውን ከአንድ ክረምት በኋላ አሠሩት፤ አፈሩ ሳይወርድ ከተሠራ ይሰነጠቃል።

ወደ አዌቱ ወይም ወደ ቡናው ማሳ መበተንን ተዉት። ወንዙ ሰው የሚታጠብበትና ከብት የሚጠጣበት ነው፤ ማሳው ነገ ይሸጣል ወይም ይከፋፈላል። ለቡናውም አይበጅም፤ የተቃጠለ አጥንት ጨውነት ስላለው ሥር ላይ ሲከመር ተክሉን ይጎዳዋል። ከሁሉ በላይ እናታችሁ ጧፍ የምታበራበት፣ ካህኑ በሙት ዓመት ቆሞ ስሙን የሚጠራበት ስፍራ ያስፈልጋታል።

ሚስቱ ጥቂቱን አስቀርታ ከሆነ መጣላት አያስፈልግም፤ የመጣላችሁን ቅበሩ፣ የቀረውንም እንድትቀብረው በደግ ቃል ጠይቋት። እርሷም ባሏን ያጣች ሴት ናት፤ በለቅሶው ስሟ በክፉ አይነሣ።

የአርባው ቆጠራ ከዐረፈበት ቀን ነው፤ ዐፅሙ ከመጣበት ወይም ከተቀበረበት አይደለም። የሞተበት ዕለት አንድ ተብሎ ይቆጠራል፦ መስከረም 5 ያረፈ ሰው አርባው ጥቅምት 14፣ ሰማንያው ኅዳር 24 ይሆናል። የእርሱን ቀን በዚሁ አስሉት። ሣጥኑ በወረቀት ጉዳይ ዘግይቶ ከአርባው በኋላ ቢደርስ አርባውን አትጠብቁበት፤ በቀኑ ፍትሐቱ ይደረግ፣ ቅዳሴው ይቀደስ፣ ለነዳያን ይመጽወት። ሲመጣ ደግሞ የቀብሩ ጸሎት ተደርሶለት ይቀበራል።