የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የንግድ ዕቅድ ስለ ማስተማር፦ ጥያቄና መልስ

ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ በትምህርት ቤታችን ያለውን የንግድ ክበብም አስተባብራለሁ። ተማሪዎችን የንግድ ዕቅድ ማጻፍን አስመልክቶ ከመምህራን፣ ከወላጆችና ከተማሪዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)፦ የዕቅዱን ክፍሎች በሰሌዳ ላይ ጽፌ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ከሁሉም ቡድኖች የተመለሰልኝ ግን «ምርታችን ከፍተኛ የገበያ ፍላጎት አለው» የሚል ተመሳሳይ ጽሑፍ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከገበያው ይጀምሩ፤ የዕቅዱ ክፍሎች ይቆዩ። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለ አጻጻፍ ምንም አላነሣም። ተማሪዎቹ በእግር ደርሰው መመለስ በሚችሉበት ርቀት ያሉ ጉልቶችንና ሱቆችን ጎብኝተው፣ ሻጩ ዕቃውን ከማን እንደሚያመጣ፣ በስንት ገዝቶ በስንት እንደሚሸጥ፣ ዱቤ ይሰጥ እንደሆነና ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚቀዘቅዝ በደብተራቸው መዝግበው እንዲመጡ አደርጋለሁ። ስለ ገቢው ሲጠየቅ ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብሎ የሚሠጋ ነጋዴ ብዙ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው መሄዳቸው ይጠቅማል። የጥያቄው አቀራረብም ወሳኝ ነው። «በወር ስንት ያተርፋሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ይዘጋል፤ «በሳምንት ስንት ኪሎ ገብስ ይቆላሉ?» ተብሎ የተጠየቀው ግን በደስታ ይመልሳል፤ ከኪሎው ተነሥቶ ሽያጩን ማስላት የተማሪው ሥራ ይሆናል። ይህ ከተደረገ በኋላ «ፍላጎቱ ከፍተኛ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ማን እንደሚገዛ፣ ስንት እንደሚገዛና መቼ እንደሚገዛ ካልተናገረ እንዲሰረዝ ማድረግ ይቻላል። የዕቅዱ ማጠቃለያ በሰነዱ ፊት ቢቀመጥም የሚጻፈው ሁሉም ካለቀ በኋላ መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ያላጠኑትን ነገር ሲያጠቃልሉ ይውላሉ።

ጥያቄ (የክበብ አስተባባሪ፣ ሐዋሳ)፦ ተማሪዎቻችን ሆቴል፣ ፋብሪካና አስመጪ ድርጅት ካልሆነ በቀር ሌላ ሐሳብ አያቀርቡም። ሐሳባቸውን ማጥበብ ተስፋቸውን መቁረጥ አይሆንብንም?

መልስ፦ አይሆንም። ፋብሪካ የሚያቅድ ተማሪ አንዱንም ቁጥር በራሱ ማረጋገጥ ስለማይችል ከግምት በቀር የሚጽፈው ነገር የለውም። ለመነሻ ካፒታሉ ጣሪያ ያስቀምጡ፤ ቤተሰብ ወይም የአምስት ጓደኞች ዕቁብ ሊሰበስበው የሚችለውን ያህል ይሁን። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ሥራ ብዙ የሚያስተምር ነገር አለው። እንቁላል ለመሸጥ የሚያቅድ ቡድን፣ አብዛኛው ደንበኛው የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ከሆነ፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ያሉትን 15 የፍልሰታ ቀናት እንዲሁም በየሳምንቱ ረቡዕንና ዓርብን ከሽያጭ ትንበያው ውስጥ ማስገባት ግድ ይለዋል። የዓመቱን ሽያጭ ለአሥራ ሁለት እኩል ከፍሎ የመጣ ቡድን በዚህ ጥያቄ ብቻ ሠንጠረዡን እንደገና ይሠራል።

ጥያቄ (መምህርት፣ አዲስ አበባ)፦ የፋይናንስ ክፍሉ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በሒሳብ ደካማ ለሆኑ ተማሪዎች እንዴት ላቅርበው?

መልስ፦ ከአራቱ የሒሳብ ስሌቶች የሚያልፍ ነገር አያስፈልግም። እኔ የምጠቀምበት ምሳሌ በትምህርት ቤት በር ላይ የሚሸጥ የታሸገ ቆሎ ነው። አንዱ ከረጢት በ20 ብር ይሸጣል እንበል፤ ለገብሱ፣ ለሽምብራው፣ ለከሰሉና ለከረጢቱ 12 ብር ይወጣል፤ 8 ብር ይተርፋል። ቢሸጥም ባይሸጥም በየወሩ የሚከፈለው ቋሚ ወጪ 2,400 ብር ከሆነ፣ 2,400 ለ8 ሲካፈል 300 ይመጣል፤ ኪሳራም ትርፍም የሌለበት ነጥብ 300 ከረጢት ነው ማለት ነው። ወሩ 22 የትምህርት ቀናት ቢኖሩት በቀን 14 ያህል ከረጢት መሸጥ አለበት።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመው ሲቆጥሩ በቦታው ያሉት ሦስት ሻጮች በድምሩ በቀን 40 ከረጢት የሚሸጡ ሆነው ቢያገኟቸው፣ ዕቅዱ ከነባሮቹ ሻጮች ገበያ ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንወስዳለን እያለ ነው። በምን ምክንያት? ዋጋውን 25 ብር ብናደርገው 185 ከረጢት ይበቃናል፤ ነገር ግን ከጎኑ በ20 ብር እየተሸጠ ማን በ25 ይገዛል? በዚህ ክርክር ውስጥ በሒሳብ ዝም የሚሉት ተማሪዎች ሲናገሩ አያለሁ፤ ምክንያቱም የብዙዎቹ እናቶች ነጋዴዎች ናቸው፤ ዋጋ ላይ የሚደረገውን ጭንቀት ያውቁታል።

አንድ ነገር አጥብቀው ይከታተሉ። ተማሪዎች የራሳቸውን ጉልበት፣ እናት የምትቆላበትን ሰዓትና የቤቱን መጥበሻ በነፃ ይቆጥሩታል። በቋሚ ወጪው ውስጥ ለቆላው ሰው ክፍያ ይግባ፤ በ6,000 ብር የተገዛና ሦስት ዓመት ያገለግላል የተባለ ዕቃም በየወሩ ወደ 167 ብር ይታሰብለት። የቤተሰብ ድካም ዋጋ ሳይወጣለት አትራፊ የሚመስል ሥራ፣ የሴቶችን ጉልበት በነፃ እየበላ የቆመ ሊሆን ይችላልና ይህን ከተማሪዎች ጋር በግልጽ መነጋገር ይገባል።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ ትርፍና የገንዘብ ፍሰት የተለያዩ መሆናቸውንስ?

መልስ፦ 50 ቄብ ዶሮዎችን በ45 ቀናቸው ገዝተው እንዲያሳድጉ በወረቀት ላይ ያሠሯቸው። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል የሚጀምሩት አምስት ወር ገደማ ሲሆናቸው ስለሆነ፣ ሦስት ወር ተኩል ያህል መኖ እየበሉ ሳንቲም አያስገቡም። አንዷ በአማካይ በቀን 70 ግራም ብትበላ፣ እስኪጥሉ ድረስ ከ3 ኩንታል ተኩል በላይ መኖ ያስፈልጋል። በዓመቱ መጨረሻ አትራፊ የሚሆነው ዕቅድ በሁለተኛው ወር መኖ መግዣ አጥቶ ሊቆም ይችላል። ወር በወር የሚገባውንና የሚወጣውን በሠንጠረዥ ሲሞሉ ይህን በዓይናቸው ያዩታል።

ጥያቄ (ወላጅ)፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ነች። ይህ ሥራ ከብሔራዊ ፈተናው ዝግጅት አያዘናጋትም?

መልስ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። የገበያ ጥናትን ያህል ጊዜ የሚወስድ ሥራ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ቢሰጥ ይሻላል፤ 12ኛ ክፍል ለደረሰች ተማሪ አልመክረውም።

ጥያቄ (የ10ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ዕቅዳችንን ጨርሰናል። በስማችን ንግድ ፈቃድ አውጥተን ከባንክ መበደር እንችላለን?

መልስ፦ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ዕድሜያችሁ 18 እስኪሞላ በሕግ ፊት አካለ መጠን ያላደረሳችሁ ናችሁ፤ ስለዚህ ብድሩን ለብቻችሁ ተዋውላችሁ እንወስዳለን ብላችሁ አትነሡ። ወላጆቻችሁንና መምህራችሁን አማክራችሁ፣ በክበባችሁ ሥር በትንሽ መጠን መሞከር ትችላላችሁ። ብድር ግን ለጊዜው ይቅር፤ ዕቅዳችሁ በተቆጠበ ገንዘብ ሊጀመር የማይችል ከሆነ መጠኑን ቀንሱት።

ጥያቄ (መምህር፣ ጎንደር)፦ በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉኝ። ከቴሌግራም የተቀዳ ዕቅድም እየበዛብኝ ነው። እንዴት ነው የማርመው?

መልስ፦ አምስት አምስት አድርገው ይመድቧቸውና ከታተመው ዕቅድ ይልቅ ለመስክ ደብተሩ ብዙ ነጥብ ይስጡ። ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ተማሪ በዕጣ ይጥሩና ከዕቅዱ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች መርጠው «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁት። ገበያ ወጥቶ የጠየቀ ተማሪ ሻጩን፣ ቦታውንና ቀኑን ይነግርዎታል፤ የቀዳው አይችልም። በዚህ መንገድ ሁሉንም ቡድኖች በሁለት ክፍለ ጊዜ ማዳረስ ይቻላል። ጥናታቸውን አጠናቅቀው «ይህ ሥራ በዚህ ቦታ አያዋጣም» ብለው የደመደሙ ቡድኖች ማስረጃቸው ከተሟላ ሙሉ ነጥብ ይገባቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ውጤት የምንቀጣ ከሆነ ቁጥር እንዲያስተካክሉልን እያስተማርናቸው ነው።

ጥያቄ (መምህርት፣ ደሴ)፦ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ባለፈው መንፈቀ ዓመት የተሠራው ዕቅድ ዛሬ ለማሳያነት እንኳ አይሆንም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ የተጠየቀበት ቀን ይጻፍ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ግብዓት ያለባቸው ዕቃዎች ዋጋ እንዴት እንደ ተለወጠ ተማሪዎቹ ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ የትኛው ግብዓት ከውጭ እንደሚመጣና የትኛው ከአካባቢው እንደሚገኝ ለይተው ምልክት ያድርጉበት። ከዚያም የግብዓቶቹ ዋጋ በሩብ ቢጨምር ዕቅዱ ምን እንደሚሆን ያስሉ። በታሸገው ቆሎ ምሳሌ 12 ብሩ 15 ብር ሲሆን የሚተርፈው 5 ብር ብቻ ነው፤ መሸጥ ያለበትም ከ300 ወደ 480 ከረጢት ከፍ ይላል። የድሮውን ዕቅድ አይጣሉት፤ የዘንድሮዎቹ ተማሪዎች ወደ እነዚያው ሻጮች ተመልሰው አዲሱን ዋጋ ከአሮጌው ጎን እንዲሞሉበት ይስጧቸው።