አሮጌ ፍሪጅ የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳን ማቀዝቀዝ ይችላልን?

ጥያቄ፦ 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ አለኝ። ዓሦች፣ ጥቂት ኮራሎች፣ ሁለት ሽሪምፖችና ቀንድ አውጣዎች ይኖሩበታል። በሞቃት ወራት ከሰዓት በኋላ የውሃው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ማቀዝቀዣ መግዛት ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ፣ የማልጠቀምበትን ትንሽ ፍሪጅ ጎኑን በስቼ፣ 10 ሜትር የመዳብ ቱቦ ጠምዝዤ በውስጡ በማስቀመጥ የገንዳውን ውሃ በፓምፕ ላዞርበት አስቤአለሁ። መዳብን የመረጥኩት ሙቀት ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ ነው። ሐሳቤ ያዋጣል?

መልስ፦ ቱቦውን ገና ካልገጠሙት እባክዎ አይግጠሙት። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጨዋማ ውሃ መዳብን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፣ የሟሟው መዳብ ደግሞ እጅግ በትንሽ መጠን እንኳ አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር እንስሳት ይገድላል። ዓሣ አርቢዎች መዳብን ለዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒት አድርገው የሚጠቀሙበት ኮራልና ሽሪምፕ በሌለበት፣ ለብቻው በተለየ ገንዳ ውስጥ የሆነውም ለዚህ ነው። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት መዳብ ካለበት ከነሐስ የተሠራች አንዲት ማያያዣ በቱቦ መስመሬ ላይ ሳላስተውል ትቼ ነው። በመጀመሪያ ቀንድ አውጣዎቹ መስታወቱን እየለቀቁ አሸዋው ላይ ወደቁ፤ ተገልብጠው ሥጋቸውን ከቅርፋቸው አውጥተው ተንጋለው ሳያቸው ምክንያቱ አልገባኝም ነበር፤ ሽሪምፖቹም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። ዓሦቹ ግን ምንም ያልሆኑ መስለው ይዋኙ ስለነበር ውሃውን ለመጠርጠር ዘገየሁ። መዳብ ድንጋዩና አሸዋው ውስጥ ሰርጎ ቆይቶ ተመልሶ ስለሚወጣ፣ ውሃውን መቀየር ብቻውን ነገሩን አያበቃውም።

መዳቡን በፕላስቲክ ቱቦ ቢተኩትም ፍሪጁ ራሱ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ትንሽ ፍሪጅ የተሠራው አንዴ የቀዘቀዘን ነገር እንደቀዘቀዘ ለማቆየት እንጂ ሙቀት ያለማቋረጥ እየመጣበት ያንን ለማስወጣት አይደለም። ከገንዳው በላይ ያለው መብራትና በውሃው ውስጥ የሚሠሩት ፓምፖች የሚወስዱት ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀትነት እየተለወጠ ውሃውን ያሞቃል፤ የክፍሉ ሙቀት ሲጨመርበት የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቀው የፍሪጁ ሞተር (ኮምፕረሰሩ) ዕረፍት ሳያገኝ ውሎ ያድራል። ከዚህም በላይ በቱቦውና በፍሪጁ ቀዝቃዛ ግድግዳ መካከል ያለው አየር ነው፣ አየር ደግሞ ሙቀትን የሚያቀብለው በጣም በዝግታ ነው። ጎኑን መብሳቱም አደገኛ ነው፤ የጋዙ ቱቦዎች ብዙ ጊዜ በግድግዳው ውስጥ ተደብቀው የሚያልፉ ሲሆን፣ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው።

ስለዚህ ከማቀዝቀዣው በፊት ቬንትሌተር እንዲሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሰዎች የሚንቁት ዘዴ ነውና ስሌቱን ላሳይዎ። 200 ሊትር የባሕር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ወደ 820 ኪሎጁል የሚጠጋ ሙቀት መውጣት አለበት። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ደግሞ 2,400 ኪሎጁል ገደማ ይዞ ይሄዳል። ሌላ ሙቀት ባይገባ ኖሮ የአንድ ሊትር ትነት ብቻውን ገንዳዎን በ3 ዲግሪ ገደማ ያወርደው ነበር ማለት ነው። ክዳኑን አንሥተው ዓሦቹ እንዳይዘሉ በወንፊት መረብ ይተኩት፤ ቬንትሌተሩንም ነፋሱ በውሃው ገጽ ላይ አግድም እንዲያልፍ አድርገው ይትከሉት። የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ በመስታወቱ ላይ ምልክት አድርገው በየቀኑ የጎደለውን ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ይሙሉት። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ግን ትነቱ ስለሚቀንስ ይህ ዘዴ ብዙም አይረዳዎትም።

ቬንትሌተሩ ካልበቃ፣ በቤት ውስጥ ከሚሠሩት መካከል እኔ የማምንበት በመስኮት የሚገጠም አነስተኛ ኤር ኮንዲሽነርን የሚጠቀመው ነው። 5,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው) የሚባለው በሰዓት ያን ያህል ሙቀት የሚያወጣ ሲሆን፣ ይህም 1,465 ዋት ያህል ነው፤ ለእርስዎ ገንዳ ከበቂ በላይ ነው። የሚቀዘቅዘውን ክፍሉን የጋዝ ቱቦዎቹን ሳይቆርጡና ሳይሰብሩ በጥንቃቄ አጥፈው፣ ሙቀት በማያሳልፍ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ያስገቡታል፤ ጋዙን በሚያውቅ ባለሙያ ቢያሠሩት ይሻላል። ይህ ክፍል ከመዳብና ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ የገንዳው ውሃ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። ሣጥኑን ጨው በሌለው ውሃና ውሃው በረዶ እንዳይሆን በሚከላከል ፕሮፒሊን ግላይኮል በተባለ ፈሳሽ ድብልቅ ይሞሉታል፤ በመኪና ራዲያተር ውስጥ በብዛት የሚጨመረው ኤቲሊን ግላይኮል መርዛማ ስለሆነ እሱን አይጠቀሙ። የገንዳው ውሃ የሚያልፈው በዚህ ድብልቅ ውስጥ በተጠመዘዘ የታይታኒየም ቱቦ ነው። ታይታኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ከመዳብ በእጅጉ ቢያንስም ከፕላስቲክ ይልቃል፣ ጨውም አይበላውም። ካላገኙት ቀጭን ግድግዳ ያለው ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ይሠራል፤ ተራ የማይዝግ ብረት ግን በጨው ውሃ ውስጥ እየተቦረቦረ ስለሚሄድ አልመክረውም።

ሁለት ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለኩ መሣሪያ የሚያበሩና የሚያጠፉ መቆጣጠሪያዎች፣ ያስፈልጉዎታል። አንደኛው የሣጥኑን ድብልቅ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ እየጠበቀ ኮምፕረሰሩን ያዝዛል፤ ኮምፕረሰሩ ከቆመ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳያርፍ እንደገና መነሣት ስለሌለበት ማዘግያ ያለውን ይምረጡ። ሁለተኛው በገንዳው ውስጥ ሆኖ ውሃውን በቱቦው የሚያዞረውን ፓምፕ ብቻ ይቆጣጠራል፤ ውሃው 26 ሲደርስ አብርቶ ከ25 ተኩል በታች ሲወርድ ያጠፋል። የኤር ኮንዲሽነሩ ጀርባ የሚተፋው ሙቀት ከክፍሉ ውጭ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ከገንዳው ያወጡት ሙቀት ተመልሶ ይመጣል።

ጨው ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ቦታ ስለሚገናኙ፣ መስመሩ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ ወዲያው በሚቆርጥ ማቋረጫ በኩል እንዲያልፍ ያድርጉ፤ ገመዶቹም በላያቸው የሚወርደው ጠብታ ወደ ሶኬቱ እንዳይደርስ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ይንጠልጠሉ። መሣሪያውን ወደ ገንዳው ከማገናኘትዎ በፊት በባልዲ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ያሠሩት። ካገናኙት በኋላም ውሃውን በአንድ ቀን ከ1 ዲግሪ በላይ ዝቅ አያድርጉት፤ 30ን የለመዱት ኮራሎች ወደ 26 የሚመለሱት በአራት ቀን ይሁን።