«ኮከብ ቆጣሪ ልትሆኚ ነው ወይ?»

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ላላነበቡት ባጭሩ ልንገራቸው። ጸሐፊዋ ደብረ ብርሃን የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ቤተሰቦቿ መሐል ሜዳ ናቸው። ስለ ብሩኖ ሮሲ አንብባ ልቧ ሸፍቷል። ሰውየው የጨረራ መቁጠሪያ በእጁ እየሠራ ከህዋ የሚመጣውን ጨረር ያጠና ጣሊያናዊ ነው። አባቷ ደግሞ «ኮከብ ቆጣሪ ልትሆኚ ነው ወይ?» አሏት። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል? ወይስ አርፌ መምህር ልሁን?» ትላለች።

አባትሽ ሳያውቁት ግማሹን መልሰውልሻል። ሥራው መቁጠር ነው። የሚቆጠረው ግን ኮከብ ሳይሆን መሣሪያውን የሚመታው እያንዳንዱ ጨረር ነው።

ሮሲን ከወደድሽው ይህን ልጨምርልሽ። በፈረንጆቹ 1933 ቆጣሪዎቹን ጭኖ የመጣው አስመራ ነው። ቆጣሪዎቹን ደራርቦ፣ ሁሉም ባንድ ቅጽበት ሲመቱ ብቻ እንዲመዘገብ አደረገ። ወደ ምዕራብ ሲያዘነብላቸው ከምሥራቁ ይልቅ ብዙ ቆጠሩ። የምድር መግነጢስ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን ቅንጣት ስለሚያጥፈው በብዛት የሚመጣው ከምዕራብ ነው። የኮስሚክ ጨረር (ከህዋ የሚመጣው ጨረር) በአብዛኛው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች መሆኑን ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው። በ1962 ደግሞ ያው ሰው የገፋፋቸው እነ ሪካርዶ ጃኮኒ በሮኬት ቆጣሪ ልከው፣ ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ የመጀመሪያውን የኤክስሬይ ምንጭ አገኙ። ሰማዩ የተገኘው በቆጣሪው በኩል ነው።

ስለዚህ መሣሪያውን ተማሪ። ሐቁን ልንገርሽ፣ አገር ውስጥ በአስትሮፊዚክስ (በሰማይ አካላት ፊዚክስ) የሚቀጥር ቦታ ጥቂት ነው። የመሣሪያው ሙያ ግን ብዙ በር አለው። ፌርሚ የተባለው የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ በ2008 ሲመጥቅ ከያዛቸው መቁጠሪያዎች 12ቱ ሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታሎች ናቸው። ጨረር ሲመታው ክሪስታሉ ብልጭ ይላል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ብልጭታውን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ሆስፒታል ውስጥ የእንቅርት ዕጢን በሚያነሳው ጋማ ካሜራም የሚሠራው ይኸው ዓይነት ክሪስታል ነው። የካንሰር ጨረር ሕክምና፣ የጨረራ መከላከል ቁጥጥር፣ የኤክስሬይ ማሽን ፍተሻ፣ ሁሉም መቁጠሪያን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። (መምህርነትን ግን «አርፌ» ብለሽ አትጥሪብኝ። ያረፈ መምህር አይቼ አላውቅም።)

አሁን የመመረቂያ ሥራሽ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታማርሪያለሽ፤ ከፍታው ግን ላቦራቶሪሽ ነው። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሰው ቪክቶር ሄስ በ1912 በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ከፍታው ላይ ጨረሩ ሲጨምር አይቶ ነው ከላይ እንደሚመጣ ያወቀው። አንቺ አውቶቡስ ይበቃሻል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ። ሁለት ርካሽ ጋይገር ቱቦዎች (ጨረራ በመታቸው ቁጥር ምልክት የሚሰጡ መቁጠሪያዎች) በውጭ አገር ዘመድ በኩል አስመጪ፤ እንደ ሮሲ ደራርበሽ ባንድ ላይ ሲመቱ ብቻ ቁጠሪ። እንዲህ ካላደረግሽ ከድንጋዩና ከአፈሩ የሚወጣው ጨረራ ይደባለቅብሻል። ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲናና ጣርማ በር ላይ እኩል ሰዓት ቁጠሪ።

እዚህ ላይ አትቸኩይ። 100 ብትቆጥሪ የሚጠበቀው መዋዠቅ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ 10 ነው፤ አሥር በመቶ ማለት ነው። 10,000 ብትቆጥሪ ግን 100 ብቻ፣ አንድ በመቶ። ተማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚች ጋ ነው፤ ሩብ ሰዓት ቆጥሮ «ልዩነት አገኘሁ» ይላል። ቱቦው በ400 ቮልት ገደማ ስለሚሠራ እጅሽን ጠብቂ። የጣርማ በሩ የመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ ተራራው ስለሚከልል ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጉጉት ይይዝሻል፣ ግን መኪና የሚተላለፍበት ጠባብ ቦታ ነውና ይቅርብሽ። ደግሞ ከትምህርት ክፍሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዢ። ሽቦ የተንጠለጠለበት፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ሳጥን ይዘሽ ፍተሻ ላይ ፊዚክስ ማስረዳት አይመችም።

መብራት ባለበት ማታ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልመጂ። የፌርሚ መረጃ ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ ይወርዳል።

ስትመረቂ ጣሊያን ትሪየስት ያለውን፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 ያቋቋመውን የቲዎረቲካል ፊዚክስ ማዕከል እዪ። ለታዳጊ አገር ልጆች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው፤ ከዘርፎቹ አንዱ አስትሮፓርቲክል ፊዚክስን (ከህዋ የሚመጡ ቅንጣቶችን ጥናት) ያካትታል። ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር ደግሞ በሜዲካል ፊዚክስ ማስተርስ ይሰጣል። ሁለቱንም አመልክቺ፤ የቱ ቀድሞ እንደሚጠራሽ አይታወቅም።

ለአባትሽ «አዎ አባዬ፣ ቆጣሪ ነኝ፤ ሆስፒታልም ይቀጥረኛል» በያቸው። ለእኔ ደግሞ የሸዋ ሮቢቱንና የጣርማ በሩን ቁጥር ላኪልኝ። መዋዠቁን አብረሽ ካልጻፍሽ ሳልቀበል መልሼ እልክልሻለሁ።