የአንድን ነጥብ ጎረቤቶች ለማግኘት ሁሉንም ሦስት ማዕዘን ማሰስ የለብህም

ጥያቄህን እንደገባኝ ላስቀምጠው። በሳይፓይ (በፓይተን የሳይንስ ስሌት ላይብረሪ) የዴሎኔ ትሪያንጉሌሽን ሠርተሃል፤ ይህ ነጥቦችን በሦስት ማዕዘኖች የሚያገናኝ፣ በየሦስት ማዕዘኑ ጫፎች በሚያልፈው ክብ ውስጥ ሌላ ነጥብ የማይገባበት መረብ ነው። ጎረቤት የምንለው በአንድ ጎን የተገናኘውን ነጥብ ነው። የአንድን ነጥብ ጎረቤቶች ለማግኘት ግን ሦስት ማዕዘኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ በሉፕ ታስሳለህ፤ ነጥቦቹ ሲበዙ ኮዱ ይንቀራፈፋል።

ሉፑን ተወው። ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ብቻ ከፈለግክ የትሪያንጉሌሽኑ «ቨርቴክስ ኔበር ቨርቲሲስ» (vertex_neighbor_vertices) ሁለት አሬይ (የቁጥሮች ዝርዝር) ይሰጥሃል። ሁለተኛው ጎረቤቶቹን ይዟል፤ የመጀመሪያው የየነጥቡ ድርሻ ከየት እስከ የት እንደሆነ ይነግርሃል። ቆርጠህ መውሰድ ነው፣ አለቀ። ግን በዙሪያው በተራ ተደርድረው ይመጣሉ ብለህ አትጠብቅ።

የቮሮኖይ ሴል (ከሌሎች ነጥቦች ይልቅ ለዚያ ነጥብ የሚቀርበውን ቦታ) ለመሳል ከሆነ ተራው ያስፈልግሃል። ያኔ በነጥቡ ዙሪያ መዞር ነው። «ቨርቴክስ ቱ ሲምፕሌክስ» (vertex_to_simplex) ነጥብህን የያዘ አንድ ሦስት ማዕዘን ይሰጥሃል። ከነጥብህ ቀጥሎ የተጻፈውን ጫፍ መዝግብ። «ኔበርስ» (neighbors) ውስጥ በዚያው ጫፍ ቦታ ያለው ቁጥር፣ ከጫፉ ፊት ለፊት ካለው ጎን ማዶ ያለው ሦስት ማዕዘን ነው። ወደዚያ ተሻገር፤ ነጥብህ እዚያ ስንተኛ ቦታ ላይ እንዳለ እይና ድገም። መነሻህ ላይ ስትደርስ ጨርሰሃል። የነጥቦች አማካይ የጎረቤት ብዛት ከ6 በታች ስለሆነ ዙሩ አጭር ነው።

የሚያስቸግረው ዳር ላይ ያለ ነጥብ ነው። ማዶ ምንም ከሌለ ቁጥሩ -1 ይሆናል። ፓይተን ደግሞ -1ን እንደ ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) ስትሰጠው አያጉረመርምም፤ የአሬዩን መጨረሻ ያነሳልሃል። ኮዱ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ከመሻገርህ በፊት ፈትሽ። -1 ካገኘህ የቀረውን ሦስተኛ ጫፍ መዝግብና ከመነሻው በተቃራኒ አቅጣጫ ዙር።

ከአንድ ነጥብ ተነስተህ ሩቅ ወዳለ ነጥብ መሄድስ? በየደረጃው ለመድረሻው ይበልጥ የሚቀርበውን ጎረቤት ምረጥ። በዴሎኔ ላይ መንገድ ላይ ተቀርቅረህ አትቀርም፤ መድረሻው ላይ እስክትደርስ ድረስ ካለህበት ይልቅ የሚቀርብ ጎረቤት ሁሌም አለ። በሌላ ዓይነት ትሪያንጉሌሽን ግን ይህ ዋስትና የለም።

ደግሞ ጎረቤት ማለት ቅርብ ማለት አይደለም። በጣም ቅርቡ ነጥብ ሁሌም ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ግን ቅርብ አይደለም። ዳር ላይ ቀጫጭን ሦስት ማዕዘኖች እጅግ የተራራቁ ነጥቦችን ያገናኛሉ። የከፍታ መረጃ ሳለሰልስ እነዚህን ረጃጅም ጎኖች በርዝመት ገደብ እጥላቸዋለሁ፤ አለዚያ የዳሩ ከፍታ ይዛባል። ለጉዞው ግን ያልተነካውን ትሪያንጉሌሽን ተጠቀም፤ ጎን ከጣልክ ያ ዋስትና አብሮ ይሄዳል።

ጎረቤት አልባ ነጥብ ካጋጠመህ «ኮፕላናር» (coplanar) የሚለውን ዝርዝር እይ። የተደጋገሙ ነጥቦች ከትሪያንጉሌሽኑ ውጭ ቀርተው እዚያ ይመዘገባሉ።