በተኑን ስጫን ለምን ይዘገያል? የድሮ የተኩስ ጌሞች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጌም ቤት አለኝ። ደንበኞቼ በሙሉ በፕሌይስቴሽን 4 ኳስ ነው የሚጫወቱት። አንዱን ማሽን ለድሮ የተኩስ ጌሞች ልለይ ብዬ ጋላጋን ከፈትኩ፤ በተኑን ስጫን ግን መርከቧ ዘግይታ ነው የምትተኩሰው። ምን ላድርግ? ለመሆኑ እነዚህን ጌሞች ዛሬም የሚወድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ጽኑ ነው። መዘግየቱ ካልተስተካከለ ግን አንዴ የሞከረ ተመልሶ አይመጣም። ጌሙ በሰከንድ 60 ያህል ምስል ያሳያል፤ አንዱ ምስል 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቆያል ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ሲሠራ በርካታ ምስሎችን ወደ ኋላ ይቀራል። ኳስ ላይ ይለመዳል፤ እዚህ ግን ጥይቱን አይተው ሲሸሹ ቀድሞ መትቶዎታል። ስለዚህ የቴሌቪዥኑን የምስል ምርጫ ወደ «ጌም» ይቀይሩ፤ እንቅስቃሴ ማለስለሻውንም ያጥፉ። ጆይስቲኩን በገመድ መሰካት ብቻውን አይበቃም፤ በፕሌይስቴሽኑ ሴቲንግ ውስጥ የጆይስቲክ ግንኙነቱን ወደ ዩኤስቢ ካልቀየሩት በብሉቱዝ መሥራቱን ይቀጥላል።

የሚወደዱበት ምክንያት፣ ተጫዋቹ ሲሞት ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ስፔስ ኢንቬደርስ ይውሰዱ። ቺፑ አቅም ስላነሰው 55ቱን ጠላቶች አንድ በአንድ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው፤ እየረገፉ በሄዱ ቁጥር ሰልፉ ይፈጥናል። የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይህን እንዳለ ተወው፤ ጭንቀቱ የመጣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. የ1981ዱ ጋላጋ ደግሞ ውርርድ ጨመረ። ትርፍ ነፍስ ካለዎት መርከብዎን በጠላት ጨረር ያስማርኩ፤ ማራኪው ወደ እርስዎ ሲወርድ ይምቱት፤ ሁለት መርከብ ጎን ለጎን ይኖርዎታል። ተኩስዎ እጥፍ ይሆናል፣ የሚመታ አካልዎም እንዲሁ። ማራኪውን በሰልፉ ላይ እያለ ከመቱት ግን የተማረከችው መርከብ ዞራ እርስዎኑ ታጠቃለች።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሳንቲም የሚሠሩ የጌም ማሽኖች ገቢ ወደ ድብድብ ጌሞች ሲሄድ፣ የተኩስ ጌም ሠሪዎች ለቀሩት ጽኑ ተጫዋቾች መሥራት ጀመሩ። ባትሱገን (1993) እና ዶዶንፓቺ (1997) ስክሪኑን በጥይት ይሞሉታል። ጀማሪ ያንን አይቶ ይሸሻል። መርከቧ ስትመታ የሚቆጠረው ግን መሃሏ ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ብቻ ነች፤ ክንፏን ጥይት ቢያልፍበት ምንም አትሆንም። ዓይንን ከጠላቱ ላይ አንስቶ ከመርከቧ ትንሽ ከፍ ብሎ ማሳረፍ ነው ዘዴው።

ለጌም ቤትዎ፣ በሰዓት ሳይሆን በጨዋታ ያስከፍሉ፤ ተጫዋቾች ነፍሳቸው ካለቀ በኋላ ካቆሙበት እንዲቀጥሉም አይፍቀዱ። ነጥቡን ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ሰሌዳ ይጻፉ፤ መብራት ቢሄድም አይጠፋም፣ ፉክክሩንም የሚያቆየው እሱ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ኢካሩጋ የሚባለውን የተኩስ ጌም ስከፍት ምስሉ መሃል ላይ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ጌሙ የተሠራው ለቆመ ስክሪን ነው፤ በተኛ ሰፊ ስክሪን ላይ 42 በመቶውን ያህል ብቻ ይይዛል። ሞኒተሩን በጎኑ ቢያቆሙትና በጌሙ ሴቲንግ ምስሉን ቢያዞሩት ወደ 75 በመቶ ይደርሳል። ከእግሩ ይፍቱትና ከጀርባው ባሉት አራት ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ የቀዳዳዎቹ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 75 ወይም 100 ሚሊሜትር ነው። ያገለገለ ሞኒተር ሲገዙ የፓነሉን (ምስሉን የሚያሳየውን የስክሪን ክፍል) ዓይነት ይጠይቁ። ቲኤን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሲያቆሙት ከአንድ ወገን ቀለሙ ይጠቁራል፤ የጥይቱን ነጭና ጥቁር መለየት ግድ በሆነበት በኢካሩጋ ይህ ያስገድልዎታል። አይፒኤስ የሚባለውን ዓይነት ይግዙ።